ዱአል ቡት ስንጭን ፓርቲሽን አልታይ ሲል፦ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ልትጨምሩ (ሁለቱን በአንድ ኮምፒውተር ማኖር ዱአል ቡት ይባላል) ፍላሹን ሰካችሁ፣ መጫኛውን አስነሳችሁ። ቋንቋና ኪቦርድ መርጣችሁ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ደረሳችሁ። ችግር ካለ የሚታየው እዚህ ነው። ወይ ዲስኩ ጭራሽ የለም። ወይ ዲስኩ አለ፣ ግን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው ይላል። ወይ ፓርቲሽኖቹ (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች) በሙሉ ተዘርዝረዋል፣ መጫኛው ግን ዊንዶውስ መኖሩን አላወቀም፤ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለው ምርጫም አልወጣም።

ሦስቱም «ፓርቲሽን አልታይ አለኝ» ተብለው ይጠየቃሉ። መነሻቸው ግን ለየቅል ነው፣ መፍትሔያቸውም እንደዚያው። በዚህ ጉዳይ ዳታ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በችግሩ ምክንያት አይደለም። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ሳይለይ በችኮላ በተሞከረ መፍትሔ ነው። ስለዚህ ከታች አማራጮችን ሳወዳድር የምመዝንባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መንገዱ ችግሩን በትክክል ይነካል? ካልሠራስ ወደነበርንበት መመለስ እንችላለን?

ከሁሉም በፊት ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ከኮምፒውተሩ ውጪ ባለ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ሁለተኛ፣ ዊንዶውሳችሁ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስን መጠገን ቢያስፈልግ የሚሆን የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጁ። እነዚህ ሳይኖሩ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

መጀመሪያ የቱ ጋ እንደጠፋ ማወቅ

አብዛኞቹ የሊኑክስ ፍላሾች ሳይጫኑ መሞከር የሚያስችል ሁነታ አላቸው። በእሱ ግቡና ፓርቲሽኖችን የሚያሳዩትን ጂፓርትድን ወይም «ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። በዝርዝሩ ውስጥ የሚታየው የራሳችሁ ፍላሽ ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ኮንትሮለር በኩል ነው። ዲስኩ በስሙና በመጠኑ ታይቶ ውስጡ «ያልተመደበ ቦታ» ብቻ ከሆነ ፓርቲሽን ቴብሉ (የፓርቲሽኖቹ ማውጫ) ላይ ችግር አለ። ፓርቲሽኖቹ ሁሉ እየታዩ መጫኛው ብቻ ግራ ከተጋባ ደግሞ ጉዳዩ የቡት ሁነታ፣ የቢትሎከር ወይም ዊንዶውስ በደንብ ያለመዘጋት ነው።

በዊንዶውስ በኩልም ሁለት ነገር አረጋግጡ። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» የሚል መስመር አለ፤ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ሁነታ) ወይም ሌጋሲ (የቆየው) ይላል። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ደግሞ ዲስኩ ላይ በቀኝ ተጫኑና ፕሮፐርቲስ ስር ቮሊውምስ የሚለውን ክፈቱ፤ የፓርቲሽን ስልቱ፣ ማለትም የቴብሉ ዓይነት፣ ጂፒቲ ይሁን ኤምቢአር እዚያ ተጽፏል። እነዚህን ሁለት መልሶች ጻፏቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ በእነሱ ላይ ይቆማል።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኢንቴልን አርኤስቲ (የዲስክ ማስተዳደሪያ ቴክኖሎጂ) ነው። ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የዲስክ ኮንትሮለራቸው በተለመደው ኤኤችሲአይ ሁነታ ፈንታ በሬይድ (ዲስኮችን በሚያጣምረው) ወይም በአርኤስቲ ሁነታ ተስተካክሎ ነው። ውስጡ ያለው ዲስክ አንድ ብቻ ቢሆንም እንኳ። በዚህ ሁነታ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ከኢንቴል ኮንትሮለር ጀርባ ይደበቃል። ዊንዶውስ የኢንቴል ድራይቨር ስላለው ያየዋል፣ ሊኑክስ ግን አያየውም። የኡቡንቱ (የአንዱ ሊኑክስ ዓይነት) መጫኛ ይህን ሲያውቅ አርኤስቲን አጥፉ ብሎ ይቆማል።

ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ወዲህ ደግሞ ይህን ሥራ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባለው ተረክቦታል። እዚህ ሁኔታው ተሻሽሏል። አዳዲስ የሊኑክስ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርት) የቪኤምዲ ድራይቨር አብሯቸው ይመጣል። ስለዚህ በቀድሞ ስሪት ያልታየ ዲስክ በአዲስ ስሪት ፍላሽ ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው አዲስ ስሪት መሞከር ነው። ያላችሁ ፍላሽ የቆየ ከሆነ የቅርቡን ስሪት አውርዳችሁ ሞክሩ። ምንም የምትቀይሩት ነገር ስለሌለ ምንም የምታጡት ነገር የለም። በቪኤምዲ ኮምፒውተር ላይ እኔ ሁልጊዜ የማስቀድመው ይህን ነው። በቀድሞው አርኤስቲ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉበት።

ሁለተኛው ኮንትሮለሩን ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር፣ ወይም ቪኤምዲን ከባዮስ (ከኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ) ማጥፋት ነው። ይህ በትክክል ይሠራል፣ ግን ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ዝም ብላችሁ ባዮስ ገብታችሁ ብትቀይሩት ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት ያቅተውና «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ደንግጠው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናሉ። አያስፈልግም። ሴቲንጉን ወደነበረበት ስትመልሱት ዊንዶውስም ይነሳል።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። ቢትሎከር ካለ ለጊዜው አግዱት፤ የባዮስ ለውጥ ቁልፍ እንዲጠይቅ ስለሚያደርገው። ከዚያ በዊንዶውስ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ክፈቱና ቡት የሚለው ስር ሴፍ ቡትን፣ ሚኒማል የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ በቀጥታ ባዮስ ግቡና ሁነታውን ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ አዲሱን ድራይቨር ይቀበላል። ከዚያ እዚያው ሲስተም ኮንፊገሬሽን ገብታችሁ የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሱና እንደገና አስነሱ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ሴፍ ሞድ ላይ ፒን ላይሠራ ስለሚችል የአካውንታችሁን ፓስዎርድ በትክክል ሳታውቁ አትጀምሩ። ብዙ ሰው በፒን መግባት ስለለመደ ፓስዎርዱን ረስቶታል።

ይህን መንገድ ጨርሶ የማይነኩት ግን አሉ። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሁለት ዲስኮች በእውነት በሬይድ ተጣምረው አንድ ሆነው የሚሠሩ ከሆነ፣ ወደ ኤኤችሲአይ ስትቀይሩ ጥምረቱ ይፈርስና ዊንዶውስ አይነሳም። የኢንቴል ኦፕቴን ማፋጠኛ ያለው ላፕቶፕም መጀመሪያ ማፋጠኛው ከዊንዶውስ ውስጥ መጥፋት አለበት። የኢንቴልን አርኤስቲ ፕሮግራም ከፍታችሁ ጥምረት ወይም ማፋጠኛ መኖር አለመኖሩን ሳታዩ ባዮስ ውስጥ አትግቡ።

ሦስተኛው መንገድ ሴቲንጉን ሳይነኩ ሊኑክስን በሌላ ዲስክ ላይ መጫን ነው። የሥራ ቦታ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ወይም ሬይዱ እውነተኛ ከሆነ ይህ ይሻላል። ወደ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሊኑክስ ያለበት ቪኤምዲ የበራ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ልትጨምሩ ስትሉ የዊንዶውስ መጫኛ ራሱ ዲስክ የለም ይላል። መፍትሔው ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ የኢንቴልን ድራይቨር አውርዶ፣ ዚፕ ከሆነ ፈትቶ፣ ፍላሽ ላይ አድርጎ «ድራይቨር ጫን» በሚለው ማስገባት ነው። ሊኑክሱ ያለ ቪኤምዲም የሚሠራ ከሆነ ቪኤምዲን ማጥፋቱ ይቀላል።

ዲስኩ ታይቶ ባዶ ከመሰለ

በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ሁሉም በሰላም ይከፈታሉ። ሊኑክስ ላይ ግን ሙሉው ዲስክ ያልተመደበ ነው። መጫኛው ደግሞ በትህትና «አዲስ ፓርቲሽን ቴብል ልፍጠር?» ይላል። እሺ ካላችሁት ዲስኩን እውነትም ባዶ ያደርገዋል። በዚህ ገጽ ላይ ብትቆሙ፣ ብታስቡ፣ ብትወጡ ምንም አይቀርባችሁም።

ምክንያቱን ለመረዳት ስለ ፓርቲሽን ቴብል ትንሽ ማወቅ ይበቃል። ቴብሉ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው፤ የቱ ክፍል ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ይናገራል። የቆየው ኤምቢአር በ1983 ከዶስ 2.0 ጋር የመጣ ሲሆን የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ላይ ነው። የሚይዘው አራት ዋና ፓርቲሽኖችን ብቻ ነው፤ በተለመዱት ዲስኮች ላይም ከ2 ቴራባይት በላይ ማየት አይችልም። ጂፒቲ ግን በተለምዶ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፤ አንዱን ቅጂ በዲስኩ መጀመሪያ ሌላውን በዲስኩ መጨረሻ ያስቀምጣል።

አሁን አንድ ዲስክ ድሮ ጂፒቲ ነበር እንበል። ኋላ ላይ በሆነ መሣሪያ ወደ ኤምቢአር ተቀየረ። መሣሪያው የመጀመሪያውን 512 ባይት ብቻ ጽፎ የጂፒቲውን ቅሪት ሳያጠፋ ከቀረ ዲስኩ ላይ ሁለት የሚጣረሱ ማውጫዎች አሉ ማለት ነው። ዊንዶውስ ኤምቢአሩን አምኖ ይሠራል። የሊኑክስ መሣሪያዎች ግን ተጠራጥረው አናምንም ይላሉ።

ሌላው መነሻ የተደራረቡ ፓርቲሽኖች ናቸው። የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ በጥቂት ሴክተር (የዲስኩ ትንንሽ ቁራሾች) ካለፈ፣ ወይም የመጨረሻው ፓርቲሽን ከዲስኩ መጠን ውጪ ከወጣ፣ ጂፓርትድ የሚጠቀመው ፓርትድ የሚባለው መሣሪያ ሙሉ ቴብሉን አልቀበልም ይላል። ምክንያቱን ለማየት በተርሚናል ፓርትድን አስነስታችሁ ቴብሉን እንዲያሳይ እዘዙት። መደራረብ ከሆነ፣ ከዲስኩ መውጣት ከሆነ፣ በግልጽ ይነግራችኋል። ጂፓርትድ ውስጥም የዲስኩን መረጃ ስታዩ ያው ማስጠንቀቂያ ይገኛል።

ሦስተኛው ዳይናሚክ ዲስክ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ሰው ሳያስተውል የሚገባበት ነው። ኤምቢአር ላይ አራት ዋና ፓርቲሽን ሞልቶ እያለ ከዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አምስተኛ ለመፍጠር ሲሞከር ዊንዶውስ ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ በኋላ ሊኑክስ መደበኛ ፓርቲሽን አያገኝም። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ከዲስኩ ስም ስር «ዳይናሚክ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት።

መፍትሔዎቹን ላወዳድር።

የጂፒቲ ቅሪት ከሆነ ፊክስፓርትስ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ጂዲስክ ከሚባለው የፓርቲሽን መሣሪያ ጋር በአንድ ጥቅል ይመጣል። ሲነሳ ቅሪቱን ካገኘ ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ኤምቢአሩንና ፓርቲሽኖቹን አይነካም። ከሁሉም አማራጭ ችግሩን ለይቶ የሚነካው ይህ ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ዊንዶውስ ዲስኩን ኤምቢአር ነው ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ ከጂፒቲ ዲስክ የሚነሳ ከሆነ ያ ጂፒቲ ቅሪት አይደለም፣ ዋናው ቴብል ነው። ብታጠፉት ዊንዶውሱ አይነሳም። መጀመሪያ ጻፉት ያልኩት መልስ እዚህ ያስፈልጋል።

ከሬይድ የተረፈ ምልክትም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ዲስኩ ድሮ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሬይድ አባል ከነበረ ምልክቱ ይቀርና አንዳንድ መጫኛዎች ዲስኩን ይደብቁታል። ዋይፕኤፍኤስ የሚባለው መሣሪያ ዲስኩ ላይ ያሉትን ምልክቶች ይዘረዝራል። ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ሲነሳ የሚያሳየው ብቻ ነው፣ አያጠፋም። በማየት ጀምሩ። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ ግን አትንኩት፤ ቴብሉንም ይዞት ይሄዳል።

ለተደራረቡ ፓርቲሽኖች ቁጥሮቹን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። ኤስኤፍዲስክ የቴብሉን ግልባጭ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያወጣል፤ የተስተካከለውን ፋይል መልሶ መጻፍም ይችላል። እኔ ግን ይህን የምመክረው የሴክተር ስሌት ለማይከብደው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ሌላ ዲስክ ላይ ካስቀመጠ በኋላ። ሌላው ሰው ዳታውን ገልብጦ ዲስኩን በጂፒቲ እንደ አዲስ ቢያደራጅ ይሻለዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ውጤቱ የታወቀ ነው።

ለዳይናሚክ ዲስክ የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ወደ ቤዚክ የሚመልሰው ቮሊውሞቹ በሙሉ ከተሰረዙ በኋላ ነው። ሳንሰርዝ እንመልሳለን የሚሉ የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞች አሉ። ባክአፕ ካላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። እኔ ብሆን ባክአፑ እስካለ ድረስ ከዜሮ እጀምራለሁ።

አራቱ ቦታ ሲሞላ

ኤምቢአር ዲስክ ላይ ሌላም መልክ አለ። ፓርቲሽኖቹ በሙሉ ይታያሉ፣ ባዶ ቦታም አለ፣ ግን መጫኛው ቦታው «የማይጠቅም» ነው ይላል። አራቱም ዋና ፓርቲሽኖች ስለተያዙ ነው። ሁለት ምርጫ አለ።

አንዱ ከአራቱ አንዱን ማንሳት ነው። ዳታ ብቻ የያዘ ዲ ካለ ፋይሎቹን ገልብጡና ሰርዙት፤ በቦታው ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን ፍጠሩ። በእሱ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል መክፈል ትችላላችሁ። ሊኑክስ ከእንዲህ ዓይነት ፓርቲሽን ያለ ችግር ይነሳል።

ሌላው ዲስኩን ወደ ጂፒቲ መለወጥ ነው። ለዚህ ማይክሮሶፍት በ2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1703 ላይ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ ጨምሯል። ዳታ ሳይጠፋ ይለውጣል፣ የዊንዶውስንም ማስነሻ አብሮ ያስተካክላል። ሳይለውጥ መፈተሽ ብቻ የሚያስችል ትእዛዝም አለው፤ በእሱ ጀምሩ። ገደቡ ግን ከሦስት በላይ ዋና ፓርቲሽን ወይም ኤክስቴንድድ ያለበትን ዲስክ አለመቀበሉ ነው። ስለዚህ አራቱ ከሞሉ አንዱን ማንሳታችሁ አይቀርም። ከለወጣችሁ በኋላ ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ግዴታ ነው። በጂዲስክም ቴብሉን መለወጥ ይቻላል፣ እሱ ግን የዊንዶውስን ማስነሻ አያስተካክልም።

ኮምፒውተሩ ዩኢኤፍአይ የሚችል ከሆነ እኔ ጂፒቲን እመርጣለሁ። ዊንዶውስ 11ም ዩኢኤፍአይ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሌጋሲ ብቻ የሚያውቅ የቆየ ማሽን ከሆነ ግን ኤምቢአሩን ተዉት። ዊንዶውስ በሌጋሲ ሁነታ ከጂፒቲ ዲስክ አይነሳም።

ፓርቲሽኑ እየታየ ዊንዶውስ «ከጠፋ»

ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ፍላሹ በተሳሳተ ሁነታ ስለተነሳ ነው። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ተጭኗል፣ ፍላሹ ግን በሌጋሲ ተነስቷል። የቡት ሜኑውን ስትከፍቱ አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ልታዩ ትችላላችሁ፤ አንደኛው ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል አለው። እሱን ምረጡ። የሙከራ ሁነታ ላይ ሆናችሁ ለማረጋገጥ «ሲስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ፈርምዌር» ስር «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር መኖሩን እዩ። ከሌለ የገባችሁት በሌጋሲ ነው። የዊንዶውስ መጫኛም ዲስኩ ጂፒቲ ነውና እዚህ አልጭንም ሲል የሚለው ይህንኑ ነው። ለዚህ ዲስክ ፎርማት ማድረግ ፈጽሞ አያስፈልግም፣ ፍላሹን በትክክለኛው ሁነታ ማስነሳት ይበቃል።

ቀጥሎ ቢትሎከር ነው። ከዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ስሪት ወዲህ እንደ አዲስ በተጫኑ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ምስጠራው በራሱ ይበራል፤ ባለቤቱ ላያውቅም ይችላል። መጫኛው የተመሰጠረውን ፓርቲሽን ማሳነስ ስለማይችል ይቆማል። እዚህ ሦስት አማራጭ አለ። ማገድ፣ ጨርሶ ማጥፋት፣ ወይም እንዳለ መተው። ማገድ ለባዮስ ለውጥ ይጠቅማል እንጂ ዳታው እንደተመሰጠረ ስለሚቆይ መጫኛውን አይረዳም። ጨርሶ ማጥፋት ሁሉን ያቀልላል፤ ግን ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይሎቻችሁ ለማንም ክፍት ናቸው።

ብዙ መመሪያዎች ቢትሎከርን አጥፉ ብለው ያልፋሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዊንዶውስ ራሱ የተመሰጠረውን ፓርቲሽን ሳይፈታ ማሳነስ ይችላል። ስለዚህ ምስጠራው እንዳለ ሆኖ ቦታ ከዊንዶውስ ውስጥ አስለቅቁ፣ ከዚያ በመጫኛው የእጅ ምርጫ ባዶውን ቦታ ብቻ ተጠቀሙ። የቡት ለውጡን ሲያይ ዊንዶውስ አንድ ጊዜ የመክፈቻ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ጽፋችሁ ስለያዛችሁት አያስጨንቅም። በ2020 ከወጣው ክሪፕትሰትአፕ 2.3 (የሊኑክስ የምስጠራ መሣሪያ) ወዲህ የቢትሎከር ፓርቲሽን በቁልፉ ከሊኑክስም ይከፈታል።

ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ቶሎ መነሻ ግን ያለ ማመንታት አጥፉት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የተዘጋ ሲመስል ዊንዶውስ በግማሽ ተኝቷል፣ ፓርቲሽኑም ገና በእጁ ነው። ሊኑክስ በዚህ ጊዜ ፓርቲሽኑን አልከፍትም ይላል ወይም ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ጂፓርትድም መጠኑን አይቀይርም።

ቦታውን በማን እናስለቅቅ?

በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ወይስ በጂፓርትድ? ለዊንዶውስ ፓርቲሽን መልሴ ዊንዶውስ ነው። የራሱን ፋይሎች ያውቃል፣ ቢትሎከርንም ያውቃል። ድክመቱ የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች መሀል ላይ ካሉ ብዙ ባዶ ቦታ እያለ ትንሽ ብቻ መልቀቁ ነው። የሀይበርኔሽን ፋይሉን፣ ፔጅ ፋይሉንና ሲስተም ፕሮቴክሽንን ለጊዜው አጥፍታችሁ ሪስታርት አድርጉና ደግማችሁ ሞክሩ። እንደዚያም ካልለቀቀ ጂፓርትድ ቀጣዩ አማራጭ ነው፤ ያኔም ከመጨረሻው በኩል ብቻ አሳንሱ። የዊንዶውስ ፓርቲሽን የሚጀምርበትን ቦታ አታንቀሳቅሱ።

ኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይመክራል። ልትሠሩበት ከሆነ እጥፉን ብትሰጡት ቶሎ አይጠባችሁም።

መጫኛው ይምረጥ ወይስ እኛ?

«ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለው ከወጣ፣ ዲስኩም አንድ ከሆነ፣ እሱን መጠቀም ጥሩ ነው። ካልወጣ ግን አለመውጣቱ ራሱ መልእክት ነው። ምክንያቱን ከላይ ካሉት ፈልጉ እንጂ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» ወደሚለው አትሂዱ።

የእጅ ምርጫ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ውሳኔዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ባዶው ቦታ ላይ ኤክስቲ4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ፓርቲሽን ፍጠሩና ዋና ሥር («/») አድርጉት። ያለውን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን እንዲጠቀምበት ንገሩት፣ ነገር ግን ፎርማት የሚለውን ምልክት አትንኩ። ይህ በፋት32 የተሠራ ትንሽ ፓርቲሽን የዊንዶውስም ማስነሻ የሚቀመጥበት ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ ይሰጠዋል። ለኡቡንቱ ይበቃል። ከርነሉን እዚያው ለሚያስቀምጡ እንደ ፖፕ ኦኤስ ላሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ግን ይጠባል፤ ለእነሱ ሌላ ሰፋ ያለ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን መፍጠር ይሻላል።

ሌላ ዲስክ ካለስ?

ኮምፒውተራችሁ ሁለተኛ ዲስክ የሚቀበል ከሆነ ከላይ ካልኩት አብዛኛው ጣጣ ትድናላችሁ። ዊንዶውሱን ማሳነስ የለም፣ ቢትሎከሩን መንካት የለም። የሚነሳውን ከቡት ሜኑ ትመርጣላችሁ። ለሥራ ኮምፒውተር፣ ለእውነተኛ ሬይድ፣ ወይም ለተበላሸ ፓርቲሽን ቴብል የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የቆየው የኡቡንቱ መጫኛ ሁለተኛውን ዲስክ ብትመርጡለትም ማስነሻውን የመጀመሪያው ዲስክ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ የማስቀመጥ ልማድ አለው። ስትጭኑ የዊንዶውሱን ዲስክ ከባዮስ ማጥፋት ወይም መንቀል ከዚህ ያድናል። በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ኤስኤስዲም ይሠራል።

ሊኑክስን ለመማር ወይም አልፎ አልፎ ትእዛዝ ለማስኬድ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ዲስክ መንካት ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ደብልዩኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ) ወይም ቨርቹዋል ማሽን ይበቃል። የኮምፒውተሩን ሙሉ አቅም ለሚጠይቅ ሥራ ግን ዱአል ቡትን አይተኩም።

ከተጫነ በኋላ

ሁሉም አልቆ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ሊኑክስ ከገባና ዊንዶውስ ከምርጫው ውስጥ ከሌለ አትደንግጡ። በ2021 ከወጣው ግሩብ (የሊኑክስ ማስነሻ) 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበር ካልተፈቀደለት በራሱ አይሠራም። በግሩብ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ ፍቀዱለትና ሜኑውን አድሱት። እስከዚያው ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ቡት ሜኑ ማስነሳት ትችላላችሁ።

ዊንዶውስ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የሊኑክሱን ፓርቲሽን አይቶ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» ሊላችሁ ይችላል። ኤክስቲ4ን ማንበብ ስለማይችል ነው። ካንስል በሉት። ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ለዚያ ፓርቲሽን የተሰጠውን ፊደል አንሱ፤ ሌላ የቤተሰብ አባል ኮምፒውተሩን ሲጠቀም እሺ ብሎ እንዳይጫነው።